ሃርድዌር ዋሌት ከጎንደር ሲመረጥ፦ ሌጀር፣ ትሬዞር፣ ታንጀም ወይስ የእጅ ስልክ?

የአክስቴ ልጅ ለውጭ ደንበኛ የግራፊክስ ሥራ ትሠራለች፤ ክፍያዋን የምትቀበለው በዩኤስዲቲ ነው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ የተሠራ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ነው። የሦስት ወር ድካሟ ስልኳ ላይ ባለ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ አፕ) ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። የስልኩ ስክሪን ተሰበረና ለጥገና ሰጠችው፤ መክፈቻውንም ነግራ "ነገ ውሰጂው" ተብላ ሄደች። በማግስቱ ስልኩ አምሮ ተመለሰላት። ከአራት ቀን በኋላ ዋሌቷን ስትከፍት ባዶ ነው። 12ቱን የሲድ ቃላት፣ ማለትም ዋሌቱን በሌላ ስልክ ላይ እንኳ መልሰው የሚከፍቱትን ሚስጥራዊ ቃላት፣ ፎቶ አንስታ ጋለሪ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አናውቅም። ገንዘቡ የሄደበት አድራሻ ለማንም ይታያል፤ የአድራሻው ባለቤት ግን አይታይም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሃርድዌር ዋሌት፣ ማለትም የክሪፕቶ ቁልፍን ከስልክ ውጭ ስለሚይዝ ትንሽ መሣሪያ፣ ሳነብና ስሞክር ቆይቻለሁ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣም ሆነ የማራኪ ካምፓስ ተማሪዎች ሲያገኙኝ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ሌጀር ይሻላል ትሬዞር?" መልስ አለኝ፤ ከታች እሰጣችኋለሁ። ጎንደር ላለ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መሣሪያው በማን እጅ አልፎ ይደርሳችኋል? ሥራ ከጀመረ በኋላስ ቃላቱ የት ይቀመጣሉ፣ ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃቸዋል? በእነዚህ በሁለቱ የተሳሳተ ሰው የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገዛ አይድንም።

መጀመሪያ ነገር፣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ገንዘቡ ሊቀመጥ የሚችለው ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ላይ፣ ስልክ ዋሌት ላይ ወይም ሃርድዌር ዋሌት ላይ ነው።

ኤክስቼንጅ ላይ የምታዩት ቁጥር በስማችሁ የተመዘገበ ሒሳብ ነው እንጂ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሚስጥራዊ ቁልፍ የድርጅቱ ነው። የጃፓኑ ማውንት ጎክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከስር 850,000 ገደማ ቢትኮይን መጥፋቱን አስታወቀ፤ 200,000 ያህሉ በኋላ ተገኘ። ኤፍቲኤክስም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ተስኗቸው ቀሩ። ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ኤክስቼንጅ ላይ ገንዘብ የነበረው ሰው አካውንቱ ይነካ አይነካ እንኳ ማየት አይችልም ነበር። ሃርድዌር ዋሌት የያዘ ሰውም ያን ጊዜ መላክ አይችልም፤ ነገር ግን ቁልፉ ቤቱ ስለሆነ በሌለበት ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት የለም። በእንደዚያ ያለ ጊዜ ይህ ልዩነት እንቅልፍ ይሰጣል።

ይህን ስል ኤክስቼንጅ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። በሳምንት ውስጥ ለምትሸጡት ገንዘብ ትክክለኛው ቦታ እዚያው ነው። ብቻ የማረጋገጫ ኮዱን በኤስኤምኤስ ሳይሆን በኦተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ በሚያወጣ አፕ) አድርጉት፤ ገንዘብ ማውጣት የሚቻለው አስቀድማችሁ ወደ መዘገባችኋቸው አድራሻዎች ብቻ እንዲሆንም አስተካክሉት።

ስልክ ዋሌት ቁልፉን በእጃችሁ ያደርገዋል፤ ክፍያም የለውም። ችግሩ ስልኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ልጆች ጌም ይጫወቱበታል፣ ከቴሌግራም የወረደ ኤፒኬ ይጫንበታል። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ፤ ፔስት ስታደርጉ የምታዩት ሌላ አድራሻ ነው፣ ልብ ካላላችሁ ትልካላችሁ። ትንሽ ገንዘብ ላለው ተማሪ ግን ስልክ ዋሌት ይበቃዋል። ከሃርድዌር ዋሌቶች የረከሱት በአምራቹ ዋጋ ከ100 ዶላር በታች ናቸው፤ 60 ዶላር ለመጠበቅ 80 ዶላር ማውጣት አያስኬድም። እኔ መስመሩን የማሰምረው እንዲህ ነው፦ ቢጠፋ ከሁለት ወር ገቢዬ በላይ የሚጎዳኝ ከሆነ ስልክ ላይ አላሳድረውም።

መሣሪያው የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው ኮይኑ መሣሪያው ውስጥ የሚቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም። ኮይኑ ብሎክቼን በሚባለው የጋራ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚይዘው የመፈረሚያውን ቁልፍ ነው። ድሮ ማኅተም ከባለሥልጣኑ ሳጥን እንደማይወጣውና ደብዳቤው ወደ ማኅተሙ እንደሚሄደው አድርጋችሁ አስቡት። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ክፍያውን አዘጋጅቶ ወደ መሣሪያው ይልካል፤ መሣሪያው አድራሻውንና መጠኑን በራሱ ስክሪን ያሳያችኋል፤ የማረጋገጫ በተኑን ስትጫኑ ፈርሞ ፊርማውን ብቻ ይመልሳል። ስልኩ በቫይረስ ቢሞላ እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። መሣሪያው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ደግሞ በሲድ ቃላቱ ሌላ መሣሪያ ላይ ሁሉንም ትመልሱታላችሁ።

ሦስቱ ምርጫዎች

ሌጀር የፓሪስ ኩባንያ ነው። ለእኛ ኪስ የሚቀርበው ናኖ ኤስ ፕላስ የሚባለው ነው፤ ትንሽ ስክሪንና ሁለት መጫኛ በተን አለው፣ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ይሠራል፣ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን ከስልኩ ይወስዳል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ባትሪ አለመኖሩ ጥቅም ነው፤ ሳጥን ውስጥ ዓመት ተኝቶ የሚሞት ባትሪ የለም ማለት ነው። ናኖ ኤክስ የሚባለው ታላቁ ብሉቱዝና ባትሪ ስላለው ከአይፎን ጋር ይሠራል፤ ናኖ ኤስ ፕላስ ከአይፎን ጋር አይሠራም። ፒኑ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳተ ሌጀር ራሱን ያጸዳል፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ቁልፍ ይሰርዛል፤ ስለዚህ መሣሪያውን የሰረቀ ሰው እየገመተ አይከፍተውም። የሚደግፋቸው የኮይን ዓይነቶችም ብዙ ናቸው።

ሌጀር ላይ ቅር የሚለኝ ሁለት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የደንበኞቹ መረጃ ተሰርቆ የ272,000 ያህል ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ቁልፍ አልተሰረቀም፤ ነገር ግን ማን ቤት ክሪፕቶ እንዳለ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ለአንዳንዶቹ "መሣሪያዎ ተቀይሯል" የሚል ደብዳቤና የተነካካ ሐሰተኛ ሌጀር በፖስታ ደርሷቸዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ሪከቨር የተባለው አገልግሎት ነው፤ ፈቃደኛ የሆነ ደንበኛ ቁልፉ ተመስጥሮና በሦስት ተከፍሎ በሦስት ድርጅቶች ዘንድ እንዲቀመጥለት ያደርጋል። ካልተመዘገባችሁ አይነካችሁም። ሆኖም ቁልፉ በምንም መልኩ ከመሣሪያው አይወጣም ብለው ያመኑ ብዙ ሰዎች ደንግጠዋል፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ የመሣሪያው ውስጣዊ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነም ከኩባንያው ቃል ሌላ የምንይዘው የለም።

ትሬዞር የቼክ ነው፣ የፕራግ። ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ሃርድዌር ዋሌት የእነሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014። ፕሮግራሙ ክፍት ስለሆነ የሚችል ሁሉ ሊመረምረው ይችላል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ደካማ ጎኑ አካሉ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የክራከን ኤክስቼንጅ የደኅንነት ባለሙያዎች ትሬዞር ዋንንና ሞዴል ቲን በእጃቸው ካገኙ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲዱን ማውጣት እንደሚችሉ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሴፍ 3 ለዚህ የሚሆን የደኅንነት ቺፕ ተጨምሮለታል። ስለዚህ ትሬዞር ከመረጣችሁ ሴፍ 3 ወይም ከእሱ በላይ ይሁን፤ "አሮጌው ይረክሳል" ብሎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ተዉት። ሴፍ 3 ከአንድሮይድ ጋር በገመድ ይሠራል፤ በአይፎን ግን መላክ አይቻልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ዩኤስዲቲ በብዛት የሚዞረው ትሮን በተባለው የብሎክቼን መረብ ላይ ነው፤ "ቲአርሲ 20 ላክልኝ" የሚባለው እሱ ነው። ሌጀርና ታንጀም ትሮንን ይደግፋሉ፤ ትሬዞር ግን ለዓመታት አልደገፈውም። ከመግዛታችሁ በፊት በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የያዛችሁትን ኮይን ስም ብቻ ሳይሆን መረቡንም ፈልጋችሁ አረጋግጡ። በትሮን የምትልኩ ከሆነም ለማስተላለፊያው ትንሽ ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ኮይን) እዚያው ዋሌት ላይ ያስፈልጋችኋል። ቲአርኤክስ ሳይኖራቸው ዩኤስዲቲውን ብቻ አዛውረው "ታሰረብን" ብለው የደወሉልኝ አሉ።

ታንጀም ከሁለቱ የተለየ ነው። የባንክ ካርድ ይመስላል፤ ስክሪን የለው፣ ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው። ስልኩ ጀርባ ላይ ስታስጠጉት በኤንኤፍሲ (ያለ ገመድ በማስጠጋት ብቻ መረጃ በሚያስተላልፍ የስልክ ክፍል) ይፈርማል። በሁለት ወይም በሦስት ካርድ ጥቅል ይሸጣል፤ ሦስቱም ካርዶች አንድ ቁልፍ ይይዛሉ። ከፈለጋችሁ የሲድ ቃላት ሳይኖሩት መጠቀም ይቻላል። አንዱን ካርድ እናንተ፣ አንዱን እናታችሁ ሳጥን ውስጥ፣ አንዱን አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ ዘንድ ብታስቀምጡ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይጠይቅ መጠባበቂያ አላችሁ። ይህ ለብዙ የጎንደር ቤተሰብ የሚመች ነገር ነው፣ በቀላሉ የማላልፈውም ለዚህ ነው። ጉድለቱ ስክሪን አለመኖሩ ነው፤ የምትፈርሙትን የምታዩት በስልኩ ላይ ስለሆነ ስልኩ ቢዋሽ የሚያጋልጠው ሌላ ዓይን የለም። ደግሞ ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ኤንኤፍሲ የላቸውም። ከማዘዛችሁ በፊት የስልካችሁን ሴቲንግ ክፈቱና እዩ።

መንገዱ

መሣሪያ ጎንደር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ነው። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ። ዘመድ የሚገዛው ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ ይሁን፤ በኦንላይን ገበያ ሌላ ሻጭ በቅናሽ ቢያቀርበው እንኳ አይግዛ። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ እንደታሸገ ይምጣ። ደግ ዘመድ "አዘጋጅቼ ልስጥህ" ይላል። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሳጥኑን ሳይከፍቱት ይስጡኝ" በሉ። ቃላቱን ያየ ሰው ገንዘቡን የያዘ ሰው ነው፤ አጎታችሁ ታማኝ ቢሆኑም ስልካቸውን ማን እንደሚነካው አታውቁም።

አዲስ አበባም ሆነ እዚህ በቴሌግራም "ኦሪጅናል፣ ያልተከፈተ" እየተባለ የሚሸጠውን አልገዛም፤ ያገለገለ ደግሞ በነፃም ቢሰጠኝ ገንዘብ አላስቀምጥበትም። የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው አንድ ሐሰተኛ ትሬዞር ሞዴል ቲ በውጭ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም ነበር፤ ውስጡ ተቀይሮ የሚሰጣቸው ሲዶች አስቀድመው በሌባው ዘንድ የታወቁ ነበሩ። ከዚያ የቀለለውም ማታለያ አለ፦ በሳጥኑ ውስጥ 24 ቃላት ታትመውበት የሚመጣ ወረቀት። እውነተኛ መሣሪያ ቃላቱን እናንተ ስታስጀምሩት በራሱ ስክሪን ላይ ያወጣቸዋል እንጂ ተጽፈው አይመጡም። ተጽፈው ከመጡ መሣሪያውን አስቀምጡት፣ አንድ ሳንቲም አትላኩበት። ሌጀርም ሆነ ሴፍ 3 ከአምራቹ አፕ ጋር ሲገናኝ የራሱን እውነተኛነት ያስመረምራል፤ ያን ደረጃ ዘላችሁ አትለፉ።

ቃላቱ

ቃላቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ከተወሰኑ 2048 ቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በጃፓንኛና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ ቤተሰብ እንዲያነበው ብለው በፊደላችን አስመስለው የሚጽፉ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። በእንግሊዝኛ "ጥንድ" ማለት የሆነው ቃልና የአንድ ፍራፍሬ ስም አነጋገራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። "ፔር" ብላችሁ ከጻፋችሁት ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ይነግራችኋል? በላቲን ፊደል፣ በትልልቁ፣ ከነተራ ቁጥሩ ጻፉት። ማንኛውም ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎቹ ከሌላው ይለያል፤ ቦታ ካጠረ አራቱ ይበቃሉ። ትርጉሙን ወደ አማርኛ መመለስ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ።

በምን ላይ ይጻፍ? ጎንደር ስለ እሳት የሚነገራት ከተማ አይደለችም። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ሲያቃጥሏት ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ከነመጻሕፍታቸው ሲወድሙ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት ተርፋ የቀረችልን። የዛሬ ቤቶቻችንም ብዙዎቹ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ናቸው፤ እሳቱ ባይመጣ የክረምቱ እርጥበት ወረቀትን ይበላል። ለመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ስቴንለስ ብረት ላይ መታተም አለበት። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ውድ ሳህን አያስፈልግም፤ ከብረታ ብረት ሱቅ ቁራጭ ስቴንለስና ፊደል በመዶሻ የሚመታባቸውን ትንንሽ ብረቶች ፈልጉ። አሉሚኒየም አይሁን፤ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቤት ቃጠሎ ያን ሊያልፍ ይችላል። ስቴንለስ እስከ 1400 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ብየዳ ቤት ወይም ብር ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ "ይህን ጻፍልኝ" እንዳትሉ፤ እጃችሁ ቢቆስልም ራሳችሁ ምቱት።

ፎቶ የለም። ኢሜይል የለም። ቴሌግራም ላይ "ሴቭድ ሜሴጅ" የለም። የአክስቴ ልጅን ያስለቀሳት ይህ ብቻ ነው፤ ሃርድዌር ዋሌት ቢኖራትም ቃላቱን ፎቶ ብታነሳ ያው ነበር።

አደራው በማን እጅ ይሁን የሚለው ከባዱ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስም አላገኘሁለትም። ሴፍ 3 ቃላቱን በሦስት ከፍሎ ማናቸውም ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይችላል፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ለሌባም ለዘመድም ምንም አይናገርም። አንዱን ቤት፣ አንዱን አዘዞ ያለች እህት፣ አንዱን ባሕር ዳር ያለ ወንድም ዘንድ ማስቀመጥ ማለት ነው። ለብቻው የሚኖር ወጣት ይህ ይበዛበታል፤ ሦስት ጊዜ 20 ቃላት ሲጽፍ ስህተት ይገባል። የወንድማማች የጋራ ቁጠባ ከሆነ ግን ጥርጣሬን ከመሃል ያወጣል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ያ ብረት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ባንክ ቤት ወራሽ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ሄዶ ያስከፍታል፤ እዚህ ወረቀት የሚቀበል መስኮት የለም።

መሣሪያው የማያድናችሁ ከምን ነው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ባይቢት ከተባለው ኤክስቼንጅ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢተሪየም የተባለ ክሪፕቶ ተሰረቀ። ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ይዘው ነበር። ሌቦቹ ቁልፍ አልሰበሩም፤ ክፍያው የሚዘጋጅበትን ገጽ ቀይረው ሰዎቹ ሌላ ነገር የሚፈርሙ አስመሰሉ። መሣሪያው ስክሪን ላይ የማይገባችሁን ነገር ካሳየ አትፈርሙ። አድራሻውንም የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹን ብቻ ሳይሆን መሃሉንም አስተያዩ። "ከሌጀር ድጋፍ ክፍል ነን፣ ቃላቱን አስገቡ" የሚል መልእክት በቴሌግራምም በኢሜይልም ይመጣል፤ እውነተኛ ኩባንያ ቃላቱን አይጠይቅም። ዩኤስዲቲን ያወጣው ቴተር የአንድን አድራሻ ገንዘብ ማገድ እንደሚችልም እወቁ፤ ምንጩን ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ።

ሕጉም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ሱቅ ገብታችሁ በቢትኮይን ዕቃ ለመግዛት ካሰባችሁ ይህን እያወቃችሁ ይሁን።

እኔ ብሆን

ገቢው በትሮን ዩኤስዲቲ የሆነና አንድሮይድ ያለው ሰው ናኖ ኤስ ፕላስ ይውሰድ፤ በሌላ ሰው አድራሻ ያስገዛው፣ ሪከቨርን አይመዝገብ። ቢትኮይን ለዓመታት የሚያስቀምጥ ሴፍ 3ን ይምረጥ፤ እኔም ያለኝ እሱ ነው። አይፎን ላለው ወይም እናትና አባቱ እንዲደርሱበት ለሚፈልግ፣ መጠኑም መካከለኛ ለሆነ፣ የታንጀም ሦስት ካርድ ጥቅል አይከፋም። ናኖ ኤክስ ጥሩ ነው፣ ለአይፎን ብቻ ብላችሁ ግን ዋጋውን አስቡበት።

የቱንም ብትገዙ፣ ገንዘባችሁን ከማዛወራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡት። አምስት ዶላር የሚሆን ብቻ ላኩበት። ከዚያ መሣሪያውን ሆን ብላችሁ አጽዱትና ከብረቱ ላይ እያነበባችሁ ቃላቱን መልሳችሁ አስገቡ። ታንጀምን ያለ ቃላት የምትጠቀሙ ከሆነ በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርድ በየተራ ላኩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስሞክረው መሣሪያው ቃላቱ ልክ አይደሉም አለኝ። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ያገኘሁት ስህተት 17ኛው ቃል ላይ ነበር፤ አንድ ፊደል በሌላ መትቻለሁ። ያን ቀን ውስጡ የነበረው አምስት ዶላር ነው። ብረቱን ጥዬ እንደገና መታሁት፣ እንደገና አጸዳሁት፣ እንደገና አስገባሁት፤ አምስቱ ዶላር ሲመለስ ካየሁ በኋላ ነው ቀሪውን የላክሁት።